«ተምች በላው» ወይስ «ተምቾች በሉት»?

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ የአርትዖት ሥራ እሠራለሁ። «ተምቾች የጤፍ ማሳውን በሉት» ብዬ ያረምኩትን አለቃዬ «ተምች በላው» ብለው መለሱት። ትሎቹ እልፍ ሆነው ሳለ እንዴት በነጠላ ይጻፋል? «ተምች በርሮ ገባ» ማለትስ ይቻላል?

መልስ፦ አለቃዎ ልክ ናቸው። አማርኛ በመንጋ የሚመጣን ነገር በነጠላ ነው የሚጠራው። እህሉን አይጥ ፈጀው፣ ቤቱን ጉንዳን ወረረው እንላለን። እርስዎም ከቢሮ ሲወጡ «ዛሬ ፒያሳ ሰው በዛ» ነው የሚሉት እንጂ «ሰዎች በዙ» አይሉም።

ለተምች ደግሞ ነጠላው ይበልጥ ይስማማዋል። ትሉ ተበታትኖ ሲኖር አረንጓዴ ነው፤ ሣር ውስጥ ተደብቆ ልብ የሚለውም የለም። ሲበዛና ሲጨናነቅ ግን መልኩ ይጠቁርና በአንድነት እየተጓዘ ጤፉን፣ ማሽላውን፣ በቆሎውን፣ የግጦሹን ሣር ሙልጭ ያደርገዋል፤ አጠገቡ ያለውን ባቄላ ግን አይነካም፣ ምግቡ እንደ ጤፍና በቆሎ ያለ የሣር ወገን ተክል ነዋ!

አንዷን ለይተው እጅዎ ላይ ሲያዩ ነገሩ ይለወጣል። ያን ጊዜ «ይቺ ተምች» ይበሉ፤ ትንሽን ነገር በሴት ጾታ መጥራት ለአማርኛ ወጉ ነው፣ እኔም በጣም እወድለታለሁ። «ተምቾች» የሚያስፈልገው ዓይነት ሲለዩ ነው። በ2017 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አገራችን መግባቱ የታወቀው መጤ ተምች ከነባሩ የተለየ ዝርያ ስለሆነ፣ «ሁለቱ ተምቾች» ቢሉ ያስኬዳል።

«በርሮ ገባ» የሚለውን ግን እኔ አልጽፈውም። ተምች የምንለው ትሉን ነው፣ ትል ደግሞ ይድሃል እንጂ አይበርም። የሚበረው አድጎ ክንፍ ያወጣው የእሳት እራት ነው፤ ሌሊት በነፋስ እየታገዘ ሩቅ አገር ድረስ ይጓዛል፣ እንቁላሉን ይጥላል፣ እሱ ራሱ ግን ሰብል አይበላም። ስለዚህ «የተምች የእሳት እራት በነፋስ ገባ» ይሻላል። ረዘመ ካሉ «ተምች ተከሰተ» ይበቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። ዐረፍተ ነገርዎ የከበደው በብዙ ቁጥሩ ብቻ አይደለም፣ ተምቹ ከግሱ ስለራቀም ነው። ማሳውን ያስቀድሙና ተምቹን ወደ ግሱ ያስጠጉት፦ «የጤፍ ማሳውን ተምች በላው።»