‹‹ገና ነው›› ማለት መቼ ነው?

ሰሞኑን ከጎጃም የደረሱኝ ጥያቄዎች ነገራቸው አንድ ነው፤ በስልክ የተጻፈ አጭር መልእክት ሰው ከሰው አጣልቷል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ያለችው አክስቴ በቴሌግራም ‹‹ሠርግህ መቼ ነው?›› ብትለኝ ‹‹ገና ነው›› ብዬ ጻፍሁላት። እርሷ ለበዓሉ መስሏት የአውቶቡስ ትኬት ቆርጣለች። ጥፋቱ የማን ነው? (ከፍኖተ ሰላም)

መልስ፦ የፊደላችን ነው። ‹‹ና›› ሲላላ ቀኑ አልተወሰነም፤ ሲጠብቅ ታኅሣሥ 29 ነው። ደውለህ ብትነግራት ጆሮዋ ይለየው ነበር፤ ጽሑፋችን ግን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። የሰዋስው መጻሕፍት ከሚጠብቀው ፊደል ራስ ላይ ሁለት ነጥብ ያኖራሉ። ምልክቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 ዩኒኮድ (የኮምፒውተርና የስልክ ፊደላት የጋራ መዝገብ) ውስጥ ገብቷል፤ በስልኩ የሚጠቀምበት ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። የዋሸራና የዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ መምህራን እንዲህ ያለውን ድርብ ፍቺ ፈልገው ያበጁታል፣ ይመሰገኑበታልም። ለአክስት ሲጻፍ ግን ሰሙን ትቶ ወርቁን ማውጣት ነው፦ ‹‹ቀኑ አልተቆረጠም›› በላት። (እርሷስ ብትሆን ሠርግ የሚበዛው በጥር መሆኑን እንዴት ዘነጋችው?) የትኬቱን ዋጋ አንተው ክፈል።

ጥያቄ፦ የሥራ ፈተና ጥሪው ‹‹ሰኞ 9:00 ሰዓት›› ይላል። ከሰዓት በኋላ ብሄድ ‹‹ጠዋት አልቋል›› ተባልሁ። (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ስልክ ከእኩለ ሌሊት ይቆጥራል፣ እኛ ከንጋት፤ መካከሉ 6 ሰዓት ነው። ‹‹ከጠዋቱ 3 ሰዓት›› ብሎ መጻፍ የጠሪው ግዴታ ነበር፤ ይህንኑ ጠቅሰሽ ሌላ ቀን እንዲሰጡሽ በጽሑፍ ጠይቂ። ቀንም እንዲሁ ነው፦ ‹‹12/1›› ለአንዱ መስከረም 12፣ ለሌላው ነሐሴ 1 ነው። ወር በስሙ ይጻፍ።

ጥያቄ፦ ያበደርሁትን ሰው ‹‹እስከ ዓርብ መልስልኝ›› ብለው ‹‹እሺ›› ብሎ ጻፈ። ዓርብም አለፈ። (ከቡሬ)

መልስ፦ ‹‹ሰምቻለሁ›› ማለቱ ነው። ስንት ብር፣ በየትኛው ባንክ፣ በስንት ሰዓት እንደሚልክ ጠይቀው።

ጥያቄ፦ በእድራችን የቴሌግራም ቡድን ‹‹ድንኳኑን ማን ይትከል?›› ብዬ ብጠይቅ ሊቀመንበሩ ‹‹እሑድ ጠዋት ይምጡ›› ሲሉ መለሱ። ወጣቶቹን ያሉ መስሎኝ ቀረሁ፤ ለካ እኔን ኖሯል። ተቀጣሁ። (ከሞጣ)

መልስ፦ ‹‹ይምጡ›› ለአንቱታም ለብዙ ሰዎችም ይሆናል። ‹‹እርስዎ›› ወይም ‹‹ልጆቹ›› የምትል አንዲት ቃል ብትጨመር ነገሩ ባለቀ። እርስዎ የጠየቁት ስለ ሌላ ሰው ስለሆነ አረዳድዎ ትክክል ነው፤ ቅጣቱ ይነሣልኝ ብለው ይከራከሩ። መልእክቱን ግን እንዳያጠፉት፣ ማስረጃዎ እርሱ ነው።