መልስ፦ ፖለቲካል ሳይንስን በትንሽ ኮሌጅ ስለ መማር

ልጅዎ ፖለቲካል ሳይንስን አሜሪካ ውስጥ በትንሽ ሊበራል አርትስ ኮሌጅ (ለአንድ ሙያ ብቻ ሳይሆን ሰፋ ያለ አጠቃላይ ትምህርት በሚሰጥ ኮሌጅ) ብትማር ይሻላት እንደሆነ ለጠየቁት፣ እኔ ይሻላታል ባይ ነኝ። በማሳቹሴትስ የሚገኘውን ዊልያምስ ኮሌጅ ብንወስድ፣ ቱቶሪያል በሚባለው ትምህርት ሁለት ተማሪዎች ብቻ በየሳምንቱ ከመምህራቸው ጋር ይቀመጣሉ፤ አንዷ የጻፈችውን ስታቀርብ ሌላዋ ክርክሩን ነጥብ በነጥብ ትፈትሻለች፣ በሚቀጥለው ሳምንትም ተራው ይለወጣል። እንዲህ ባለ ክፍል ሳያነቡ ገብቶ ከኋላ ወንበር መደበቅ የለም፤ ለዚህ ሙያ ከዚህ የተሻለ ማሠልጠኛ አላውቅም። በፔንሲልቬንያው ስዋርትሞር ደግሞ በ1922 (እ.ኤ.አ.) በተጀመረው የኦነርስ መርሐ ግብር (ለብርቱ ተማሪዎች የተዘጋጀ ጠለቅ ያለ ትምህርት) የመጨረሻውን ፈተና የሚፈትኑት ከኮሌጁ ውጭ የሚጋበዙ ምሁራን ናቸው። የትንሽ ኮሌጅ ችግሩ የመምህራኑ ቁጥር ማነሱ ነው፤ ስለዚህ ልጅዎ ለምሳሌ የአፍሪካን ፖለቲካ ማጥናት ከፈለገች፣ ትምህርቱ በየዓመቱ መሰጠት አለመሰጠቱን ሳታመለክት በፊት ታጣራ። ኮሌጆቹ የሚያስታውቁት ሙሉ ክፍያም አያስደንግጥዎ፤ ሁለቱም ኮሌጆች የገንዘብ እርዳታ የሚሰጡት የቤተሰብን አቅም አይተው ነው።