ሳልሳ ለመጀመር ያሰባችሁ የጎጃም ልጆች፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

እንዴት ሰነበታችሁ። ጥንድ ሆነው ስለሚጨፍሩት የላቲን ጭፈራ፣ ስለ ሳልሳ የላካችኋቸውን ጥያቄዎች ተራ በተራ እመልሳለሁ፤ ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ከባሕር ዳር፦ ምንም አላውቅም። የመጀመሪያው ቀን ምን ይጠብቀኛል?

መሠረታዊው እርምጃ ነው የሚጠብቅህ። ሳልሳ እስከ 8 ይቆጠራል፤ የሚረገጠው ግን በ1፣ 2፣ 3 እና በ5፣ 6፣ 7 ነው። 4 እና 8 ላይ አዲስ እርምጃ የለም። መሪው (አብዛኛውን ጊዜ ወንዱ) በ1 ግራ እግሩን ወደ ፊት ያወጣል፣ በ2 ቀኙን ባለበት ይረግጣል፣ በ3 ግራውን ወደ መሐል ይመልሳል። በ5 ቀኙን ወደ ኋላ፣ በ6 ግራውን ባለበት፣ በ7 ቀኙን ወደ መሐል። ተመሪዋ ተቃራኒውን ትሠራለች፦ በ1 ቀኟ ወደ ኋላ፣ በ5 ግራዋ ወደ ፊት።

እርምጃህ ከጫማህ ርዝመት አይብለጥ። ከሰፋ ሰውነትህ ወደ ኋላ ይቀራል፣ 2 ላይ ለመመለስም ጊዜ ያጥርሃል። ከሁሉ በላይ ግን በእያንዳንዱ ቁጥር ክብደትህ ሙሉ በሙሉ ወደ ረገጥከው እግር ይዛወር። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ በየቁጥሩ ቆም በልና ሌላኛውን እግር ከመሬት አንሳ። ሳትንገዳገድ ካልተነሣልህ ክብደቱ አልተዛወረም ማለት ነው። «እግሬ ተምታታብኝ» የሚል ጀማሪ አብዛኛው ችግሩ እዚህ ነው፤ ክብደቱ መሐል ላይ ቀርቶ ቀጥሎ የትኛው እግር ነፃ እንደሆነ አያውቅም። ይህ ሳይያዝ መዞር መማር ጊዜ ማባከን ነው።

ከደብረ ማርቆስ፦ እስክስታ ከልጅነቴ ጀምሮ እወርዳለሁ። ሳልሳ ላይ ግን ከምቱ እወጣለሁ። ለምን?

ጆሮህ ጎበዝ ስለሆነ ነው፤ የለመደው ግን ሌላ ምት ነው። የእኛ ጭክጭካ 6/8 ነው፣ በሦስት በሦስት ይከፈላል። ሳልሳ 4/4 ነው፣ በአራት በአራት ይቆጠራል። ለጭክጭካ የተገራ ጆሮ 1፣ 2፣ 3ን ሲረግጥ ዙሩ የሞላ ይመስለውና 4ን ዘሎ 5ን ቀድሞ ይረግጣል። መድኃኒቱ 4ን እና 8ን ከሌሎቹ ቁጥሮች ይልቅ ጮክ ብሎ መቁጠር ነው። በአፍህ ካልሞላኸው እግርህ ይበላዋል።

ቀጥሎ ኮንጋውን ፈልግ፤ በእጅ የሚመታው ረጅሙ ከበሮ ነው። በተለመደው አመታቱ 2 እና 6 ላይ ጥፊ የመሰለ ደረቅ ድምፅ አለ፣ 4 እና 8 ላይ ደግሞ ክፍት የሆነ «ቱን-ቱን» ይሰማል። «ቱን-ቱን» ስትሰማ አንተ አዲስ እርምጃ አትረግጥም፤ ቀጥሎ የሚመጣው 1 ወይም 5 ነው። ዘፈኑ ሞቅ ሲል የሚገባው ቃጭል የመሰለው ብረት ደግሞ 1፣ 3፣ 5 እና 7ን አጉልቶ ይመታል። ለሦስት ቀን ያህል ሳትጨፍር ተቀምጠህ እነዚህን ብቻ አድምጥ። ድምፁ ጨርሶ ባዕድ አይሆንብህም፤ ሙላቱ አስታጥቄ በ1966 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ላይ የላቲንን ምት ከኢትዮጵያ ዜማ ጋር አዋሕዶ ቀርጿል።

ሁለተኛው ልዩነት ሰውነት ላይ ነው። እስክስታ ከትከሻና ከደረት ይነሣል፣ ሳልሳ ከእግር። ዳሌው የሚንቀሳቀሰው ጉልበት ሲታጠፍና ሲዘረጋ ነው፤ ሆን ብለህ አታወዛውዘው። ትከሻህን ከጅምሩ ከለቀቅከው እጅህ አብሮ ይንቀጠቀጣል፣ የያዝካትም ልጅ የትኛው ምልክት እንደሆነ አይገባትም። ትከሻህ አይጥፋብህ፤ እጅ ለእጅ ተለቃቅቆ ለየብቻ የሚጨፈርበት ክፍል ስትደርስ ብዙዎች የሚቀኑበት ሀብት ይሆናል።

ከባሕር ዳር፦ ኦን ዋን፣ ኦን ቱ፣ የኩባ... የትኛውን ልጀምር?

በአካባቢህ አስተማሪ ያለውን። ኦን ዋን አቅጣጫ የሚቀይረው በ1 እና በ5 ነው፤ ከላይ የጻፍኩት እሱ ነው። የኒው ዮርኩ ኦን ቱ በ2 እና በ6 ይቀይራል። ሁለቱም በቀጥታ መስመር ላይ ናቸው። ካሲኖ የሚባለው የኩባው ጥንዶቹ እርስ በርስ የሚዞሩበት ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት አንዱን ብቻ ያዝ።

ከዳንግላ፦ አስተማሪም አጣማሪም የለኝም። በስልክ ብቻ ይቻላል?

የእግሩ ይቻላል፣ መምራትና መመራት አይቻልም። ቪዲዮውን መብራትና ኔትወርክ ባለበት ሰዓት አውርጂው፣ ፍጥነቱን 0.75 አድርጊው። አስተማሪው ጀርባውን ሰጥቶ የሚያሳይበትን ምረጪ፤ ፊቱን ከሰጠሽ ግራና ቀኝ ይገላበጥብሻል። በቀን 10 ደቂቃ ይበቃል። በደቂቃ 160 ምት ባለው ዘፈን በአንድ ደቂቃ ሙሉውን የ8 ቆጠራ 20 ጊዜ ትሠሪዋለሽ፣ በ10 ደቂቃ 200 ጊዜ። በሳምንት አንዴ ሁለት ሰዓት ከመልፋት ይሻላል።

ከቡሬ፦ 52 ዓመቴ ነው፣ ቀኝ ጉልበቴ አንዳንዴ ያመኛል። ጫማስ ምን ላድርግ?

ጋሼ፣ ለጉልበትዎ ትልቁ ጠላት የሚይዝ ሶል ነው። የስፖርት ጫማ ጎማ ሊሾ ወይም ሴራሚክ ላይ ይነክሳል፤ ሰውነት ሲዞር እግር ይቀራል፣ ጠመዝማዛው ጉልበት ላይ ያርፋል። ሶሉ ቆዳ የሆነ፣ ተረከዝ የሚይዝ ጫማ ያድርጉ። በጣም የሚያንሸራትት ከሆነ ሶሉን በትንሹ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ። ሲዞሩ በእግር ፊት ለፊት ክፍል ላይ እንጂ በሙሉ እግር አይዙሩ። ጉልበትዎ ካበጠ ወይም ከከዳዎት ሐኪም ያማክሩ።

ሴቶች ደግሞ፣ መጀመሪያ ዝቅ ያለ ጫማ፣ ከዚያ እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ታኮ።

ከፍኖተ ሰላም፦ ከማላውቀው ወንድ ጋር መያያዝ ያሳፍረኛል።

ጀማሪ በክፍት አያያዝ ይጨፍራል፦ እጅ ለእጅ ብቻ፣ መሐላችሁ የክንድ ያህል ርቀት። የቅርቡ አያያዝ ላይ እንኳ የወንዱ ቀኝ እጅ ማረፊያ ጀርባሽ ላይ ያለው የግራ ትከሻሽ አጥንት ነው፣ ወገብ አይደለም። ዝቅ ካደረገው ንገሪው ወይም አስተማሪውን አጣማሪ እንዲቀይርልሽ ጠይቂ፤ ይህ መብትሽ ነው። በአውራ ጣቱ እጅሽን ጨምድዶ የሚይዝሽ ካለም አስቁሚው፣ ስትዞሪ እጅሽን ሊጎዳው ይችላል።

ከሞጣ፣ ባልና ሚስት፦ ቦታ ስንቀያየር እንጋጫለን። ጥፋቱ የማን ነው?

ብዙ ጊዜ የመሪው። በ1 ወደ ፊት፣ በ2 ባለበት ከረገጠ በኋላ በ3 ወደ ግራ ሩብ ዞሮ መንገዱን መልቀቅ አለበት። በር እንደ መክፈት ነው። ካልለቀቀ እሷ በ5 ስትመጣ ደረቱ ላይ ታርፋለች። ከለቀቀ በኋላም በክንዱ አይጎትታት፤ ገላው ከዞረ እጁ ተከትሎ ይወስዳታል። እሷም በበኩሏ 5 ሳይደርስ አትሂድ፣ ገምታ ከቀደመችው ይጋጫሉ።

ከደብረ ማርቆስ፦ ዐቢይ ጾም ሊገባ ነው፣ ጭፈራ እናቆማለን። 55 ቀን ሙሉ አይጠፋብንም?

እጅ ለእጅ የተማራችሁት ትንሽ ይደበዝዛል፣ እግሩ ግን በቃል ቆጠራ ብቻ ይጠበቃል። ያለ ዘፈን፣ መንገድ ስትሄዱ 1፣ 2፣ 3፣ ዝም፣ 5፣ 6፣ 7፣ ዝም እያላችሁ በልባችሁ ቁጠሩ። ከትንሣኤ በኋላ ስትመለሱ የመጀመሪያውን ሰዓት በመዞር አትጀምሩ፤ መሠረታዊውን እርምጃ በዝግታ፣ እግር እያነሣችሁ ክብደታችሁን እየፈተሻችሁ ሥሩት።