ናቹራል ወይስ ሶሻል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የምኖረው ደሴ ነው። ለ11ኛ ክፍል ናቹራል ወይም ሶሻል መምረጥ አለብኝ። አባቴ «ናቹራል ካልገባሽ ምን ዋጋ አለው» ይላል። ወንድሜ ግን በሲቪል ኢንጂነሪንግ ተመርቆ ሁለት ዓመት ሥራ ፈልጎ አጣ፤ አሁን ባጃጅ ይነዳል። «እኔን እያየሽ?» ይለኛል። ሒሳብ 71፣ ኬሚስትሪ 78 አምጥቻለሁ። ጎበዝ የምባል አይደለሁም። እርስዎ የሕክምና መሣሪያ ጥገና ባለሙያ ስለሆኑ ነው የጻፍኩልዎት። ምን ይመክሩኛል?

ቤ. ከደሴ

መልስ፦ ልጄ፣ ከወንድምሽ ልጀምር። ያለሽ ነገር እውነት ነው፤ አልሸፋፍነውም። መንግሥት ከዩኒቨርሲቲ ገቢው 70 በመቶውን ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶውን ሶሻል እመድባለሁ ያለበት ዘመን ነበር። ተመራቂው በዛ፣ ሥራው ግን በዚያ ልክ አልበዛም። ስለዚህ «ናቹራል ግቢ፣ ሥራ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሻል» ብዬ አልዋሽሽም።

እንግዲያው ለምን ወደ ናቹራል አደላለሁ? አንድ ነገር ላውጋሽ።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ወደ አንድ ሆስፒታል ተላክሁ። ዕቃ ግምጃ ቤቱ ውስጥ «ተበላሽቷል» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት የኦክስጅን ማሽን አገኘሁ። ከዓመት በላይ እዚያው ተገትሯል። የሕፃናት ክፍሉ ደግሞ ኦክስጅን በሲሊንደር ከሌላ ከተማ ያስመጣል። መኪናው የዘገየ ቀን የነርሶቹን ፊት ማየት ነው።

ማሽኑ ምንም ምስጢር የለውም። አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን፣ 21 በመቶው ኦክስጅን ነው፤ ይሄን አንቺም ተምረሻል። ማሽኑ አየሩን ይስብና ዚዮላይት የሚባል ነጭ ጠጠር በሞላበት ቱቦ ውስጥ በግፊት ያሳልፈዋል። ጠጠሩ ናይትሮጅኑን ይዞ ያስቀራል፣ ኦክስጅኑ ያልፋል። በወዲያኛው ጫፍ ከ90 በመቶ በላይ ኦክስጅን ይወጣል። ቱቦው ሁለት ነው፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው የያዘውን ናይትሮጅን ያራግፋል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ክዳኑን ፈታሁት። አየር ማስገቢያው ላይ ያለው ስፖንጅ አቧራ ጠጥቶ እንደ ጡብ ደርቋል። በሳሙና አጠብኩት፣ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ከሰዓት መልሼ ገጠምኩት። ስለካው 92 በመቶ።

ሁልጊዜ እንዲህ አይቀልም። ጠጠሩን እርጥበት ካገኘው አለቀለት፤ መለወጫው ደግሞ ከውጭ ነው የሚመጣው። ስንቱን ማሽን ፈትቼ፣ አንገቴን ደፍቼ መልሼ ዘግቻለሁ። የዚያን ቀን ግን ነርሷ ማሽኑን እየገፋች ወደ ክፍሉ ስትገባ ደመወዜን ረሳሁት። (ደመወዜም ለመረሳት የሚመች ነበር።)

ዶክተር አክሊሉ ለማን ሰምተሽ ይሆናል። በ1964 እ.ኤ.አ. ዐድዋ ውስጥ ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አዩ። እንዶድ ለማን ብርቅ ነው? አያቶቻችን ሳሙናቸው እሱ ነበር። እሳቸው ግን ዓይናቸው የሄደው ከማጠቢያው ወረድ ብሎ የሞቱት ቀንድ አውጣዎች ላይ ነው። ቢልሃርዚያ የሚባለውን በሽታ የሚያዛምቱት ቀንድ አውጣዎች ናቸው። እንዶዱ እንደሚገድላቸው መርምረው አረጋገጡ፤ በ1989 እ.ኤ.አ. ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኙበት። ያንን ውሃ ስንት ሰው አይቶት አልፏል!

ውጤትሽን በተመለከተ 71 አያስፈራም። እኔ በአንቺ ዕድሜ ፊዚክስ ላይ ከዚያም በታች ነበርኩ። ደግሞ ሒሳብን ፈርተሽ ሶሻል ከገባሽ እዚያም አለልሽ፤ 12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ያገኝሻል። ናቹራል ማለትም ሐኪምና ኢንጂነር ብቻ አይምሰልሽ። ላቦራቶሪው፣ የአየር ትንበያው፣ የእንስሳት ሕክምናው፣ ስታቲስቲክሱ አለ። የእኔን ዓይነት ጥገና በቴክኒክና ሙያ በኩልም ይማሩታል።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፣ አባትሽ ላይነግሩሽ ይችላሉ። ክፍላችን ውስጥ ሴቶች አራት ነበርን። መፍቻ ባነሳሁ ቁጥር «አምጪ፣ እኔ ልፍታልሽ» የሚል ወንድ አይጠፋም። ክፋት የለውም፣ ግን እጄ መቼ ይልመድ? መፍቻውን አልሰጥም ማለት ለመልመድ አንድ ሴሚስተር ፈጀብኝ። አንቺ ቀድመሽ ልመጂው።

አሁን ፎርሙን አስቀምጪው። እሑድ ወንድምሽን የባጃጁን ካንዴላ ፈትቶ እንዲያሳይሽ ለምኚው። እሳቱ ከየት እንደሚመጣ፣ ካንዴላው ለምን እንደሚጠቁር ያስረዳሽ። ሲቪል ቢማርም ባጃጅ የሚነዳ ሰው ይሄን አያጣውም። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ስልክሽን ካወጣሽ ሶሻል ግቢ፤ አባትሽን እኔ አናግራቸዋለሁ። «ይሄስ ለምንድነው? ያስ?» እያልሽ ወንድምሽን ካሰለቸሽው ግን ምን እንደምትሞይ እኔን መጠየቅ አያስፈልግሽም።