የደረሰኙ ቀሪ

በኅብረት ሥራና በሂሳብ ሙያ ተመርቃችሁ ወደ ደምቢያ፣ ወደ ወገራና ወደ መተማ ለምትመደቡ ልጆቼ፤

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቅዳሜ ጠዋት ቤት አልገኝም። ጎንደር ቅዳሜ ገበያ፣ እህል ተራ ወርጄ ዋጋ እጠይቃለሁ። ስለማልገዛ ነጋዴዎቹ ሰልችተውኛል። ልማዱ የቀረልኝ ከሥራዬ ነው፤ እናንተም ብትለምዱት አትጎዱም።

ሥራ የጀመርኩት በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ደምቢያ ውስጥ የገበሬ ማኅበራት በጋራ ባቋቋሙት አንድ የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበር ጸሐፊ ሆኜ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ሲታወጅ፣ ቢያንስ 800 ሄክታር በሚሆን ቦታ ላይ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም ተደንግጎ ነበር። ማኅበሩ መሬት ደለደለ፣ ዳኝነትም አየ። ጅምሩ መልካም እንደነበረ ዛሬም እከራከራለሁ። ቆይቶ ግን ያው ማኅበር ግብር ሰብሳቢ፣ ለጦርነቱ ወጣት መልማይ፣ በመጨረሻም ኮታ አስከፋይ ሆነ። ኮታ ማለት ገበሬው ከምርቱ የተመደበበትን እህል መንግሥት በቆረጠው ዋጋ የሚያስረክብበት ነበር፤ ዋጋው ደግሞ ከገበያው በብዙ ያንስ ነበር።

አንድ ዓመት ክረምቱ ረዘመና የዋልካው ጤፍ ውሃ ላይ ቀረ። ኮታው ግን አልተቀነሰም። አንድ አባወራ በሬውን ሸጦ፣ በገበያ ዋጋ ጤፍ ገዝቶ፣ በአህያ ጭኖ አመጣልኝና በመንግሥት ዋጋ አስረከበ። ከየት እንዳመጣው ያኔውኑ አውቄአለሁ። መዘንኩ፣ ደረሰኝ ቆረጥኩለት፣ ቀጣዩን ሰው ጠራሁ።

በ1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ማልባና ወልባ እያልን ደረጃ ያወጣንላቸው፣ መሬቱን በጋራ የሚያርሱት አምራች ማኅበራት ብዙም ሳይቆዩ ተበተኑ። በዓመቱ መንግሥት ሲለወጥ የእኛ መጋዘን ተዘረፈ። ቆርቆሮውን የነቀሉት አባላቱ ራሳቸው ነበሩ፤ በሩንም ማጠፊያውንም ሳያስቀሩ። «የራሱን ንብረት የሚዘርፍ ሰው ዛሬ አየሁ» ብዬ ለሰው ሁሉ አወራሁ። የራሱ መሆኑን የነገረው ሰው እንዳልነበረ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ከእኛ ዘንድ እህል ሲያገባ እንጂ ሂሳብ ሲጠይቅ አይቼው አላውቅም፤ ቢጠይቅስ ማን ሊመልስለት።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991 ሲወጣ ነገሩ ተለወጠ፤ በወረቀት ማለቴ ነው። አባልነት በፈቃድ ሆነ፤ አንድ ሰው አንድ ድምፅ አገኘ፤ ከማኅበሩ ዕጣ (አክሲዮን) ከመቶ 10 በላይ ማንም እንዳይዝ ተከለከለ። መሠረታዊ ማኅበራቱ ተሰባስበው ዩኒየን አቋቋሙ። ጎንደር ላይ ፀሐይ ዩኒየንን፣ በሰሊጡ አገር መተማ ዩኒየንን ታውቃላችሁ። ሕጉ በ2009 በአዋጅ ቁጥር 985 ተተክቷል፤ ሁለቱንም ጎን ለጎን አንብቡ።

አንብባችሁ ስትጨርሱ ግን ጥር ላይ አውድማ ውረዱ። ጤፍን ነቀዝ አይደፍረውም፤ ጎተራ ውስጥ ዓመታት ይቆያል። ሆኖም አስቀድሞ የሚሸጠው እሱ ነው፤ ጥሩ ብር ያወጣልና። የማዳበሪያው ዕዳ፣ ግብሩ፣ የልጁ ሠርግ ሁሉም በአንድ ወር ይመጣሉ። ነጋዴው ብሩን በኪሱ ይዞ አውድማው ድረስ ይመጣል። ማኅበሩ የባንክ ብድር እስኪለቀቅ፣ ኮሚቴው እስኪሰበሰብ፣ ሦስት ፊርማ እስኪሟላ ይጠብቃል፤ ብሩ ሲደርስ ጤፉ ከተማ ገብቷል። ገበሬው የነጋዴው ሚዛን እንደሚሰርቀው ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ነሐሴ ላይ ያንኑ ጤፍ ጨምሮ ሲገዛ ያገኘሁት ሰው «ማኅበራችሁ የት ነበር?» ሲለኝ መልስ አልነበረኝም።

ስለዚህ ተመድባችሁ ስትደርሱ ስንት ኩንታል ማዳበሪያ እንደተከፋፈለ አትጠይቁ፤ ያንን ሳትጠይቁም ይነግሯችኋል፣ ብዙ ማኅበር የሚኮራበት እሱ ብቻ ነው። ያለፈው ጥር ከአባላት ስንት ኩንታል እህል እንደተገዛ፣ ገንዘቡም በስንተኛው ቀን እንደተከፈለ ጠይቁ። ቃለ ጉባኤ ስታነቡ ገጹ ሁሉ «በሙሉ ድምፅ ተወሰነ» የሚል ከሆነ ስብሰባው ላይ ራሳችሁ ተቀመጡ። የትርፍ ክፍፍል ስትሠሩ አባሉ ስንት እንዳቀረበ፣ ስንት እንደደረሰውና ለምን እንደሆነ ፊት ለፊቱ አስሉለት። ማንበብ ካልቻለ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። አለቃችሁ ጊዜ አባከናችሁ ይላችሁ ይሆናል፤ እኔንም ብለውኛል።

የዚያን አባወራ ደረሰኝ ቀሪ ከመጋዘኑ ስለቅ ይዤው ወጣሁ፤ አልመለስኩትም። እዚህ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። «ጤፍ፣ 2 ኩንታል፣ ተረክቤአለሁ» ይላል፤ ከሥሩ የእኔ ፊርማ አለ። ስለ በሬው የተጻፈ ነገር የለም።