«አንቺስ ቤታቸው በልተሻል?»

ጥያቄ፦ የ31 ዓመት ሴት ነኝ፤ ደብረ ብርሃን ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። እጮኛዬን ካወቅሁት አራት ዓመት ሆኖኛል። በፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው፤ ትሑትና ሠርቶ አደር ሰው ነው። እናቱ ከከተማው ወጣ ባለ መንደር ሸክላ ይሠራሉ፤ ሟቹ አባቱም ማረሻና ማጭድ ይቀጠቅጡ ነበር። እናቴ የመንዝ ሰው ናት። ይህን ከሰማች ጀምሮ «እኔ በቁሜ እያለሁ የቡዳ ዘር ሽማግሌ ደጄን አይረግጥም» ብላ አቋሟን አልለወጠችም። በሳይንስ አስረዳኋት፣ በወንጌል አስረዳኋት፣ የንስሐ አባቷ ሳይቀሩ መከሯት፤ ወይ ፍንክች! እሱን ብታየው እኮ በመልክም በጠባይም ከእነሱ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ነገሩ እንዳይከፋ ለዘመዶቼ አባቱ ነጋዴ ነበሩ ብለናል፤ ለሠርጉም ከእሱ ወገን ብዙ ሰው እንዳይጠራ ተስማምተናል። በቀደም ስንጨቃጨቅ «አንቺስ ቤታቸው በልተሻል?» አለችኝ፤ ተናድጄ ጥያት ወጣሁ። በዚህ ዘመን እንዲህ የምታስብን እናት እንዴት አድርጌ ልለውጣት? ያለ ፈቃዷ ባገባስ?

መልስ፦ እህቴ፣ እናትሽ የጠየቁሽን ጥያቄ ጽፈሽልኛል፤ የሰጠሻቸውን መልስ ግን አልጻፍሽልኝም።

ደብዳቤሽ ከላይ ከታተመው በጣም ይረዝማል። የእናትሽ ግትርነት፣ የአንቺ ትዕግሥትና የእጮኛሽ ጨዋነት በዝርዝር ሰፍሯል። የእሱ እናት ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጥተው በዚያው ይቀራሉ፤ ሸክላ ይሠራሉ፣ አለቀ። ቤታቸው ቡና ጠጥተሽ እንደሆነ፣ ሳቂታ ይሁኑ ቁጡ፣ ልጃቸው ስለሚያገባት ሴት ምን እንደሚሉ አንድም ቃል የለም። ልሳሳት እችላለሁ፤ ሰው ከወረቀት ላይ ብቻ አይታወቅም። ነገር ግን ቤታቸው ገብተሽ የምትወጪ ብትሆኚ ኖሮ ለእናትሽ «አዎን» ማለት ብቻ ይበቃሽ ነበር። ጥለሽ መውጣትሽ ጥያቄው የሚያምሽን ቦታ እንደነካ ይጠቁመኛል።

የእናትሽን እምነት እየደገፍሁ አይደለም። ሰው ሰውን በዓይኑ አይበላም፤ ሌሊት ጅብ ሆኖም አይዞርም። ይህ ስም ስንቱን ሕፃን ከጨዋታ፣ ስንቱን ጎልማሳ ከማኅበርና ከጋብቻ እንዳስወጣ አገር ያውቀዋል። የሚያሳዝነው ደግሞ ክልከላውም የቆየ መሆኑ ነው። ከእናንተ ከተማ ብዙም በማይርቀው አንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል፤ ሁላችንም የአዳምና የሔዋን ልጆች ነን ብለው። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ብዙ ሰው በአደባባይ አንደበቱን ገታ፤ ማዕዱ ግን እንደተለየ ቀረ። ለምን ይመስልሻል?

አንቺ የምትገምቺው መልስ «ባለማወቅ» የሚል ነው፤ መምህርት ነሽና አልፈርድብሽም። የጥላቻና የንቀት ምርምር ግን ወደ ሌላ ቦታ ይጠቁማል። ቶማስ ፔቲግሩና ሊንዳ ትሮፕ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ከ500 በላይ ጥናቶችን ሰብስበው ሲመረምሩ፣ የተለያዩ ወገኖች መቀራረባቸው ንቀትን በአብዛኛው እንደሚቀንስ አገኙ። ሁለት ዓመት ቆይተው «መቀራረቡ የሚሠራው በምን በኩል ነው?» ብለው ሲፈትሹ፣ ስለ ሌላው ወገን የሚገኘው እውቀት ድርሻው ትንሽ ሆኖ ተገኘ። ትልቁን ሥራ የሠሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የፍርሃት መቀነስና የሌላውን ስሜት መጋራት። እናትሽም የሚያግዳቸው በአብዛኛው ፍርሃት ነው ብዬ እገምታለሁ። የእሳቸው ትውልድ በልጅነቱ እንግዳ ሲመጣ ምግቡ የተሸፈነበት፣ ክታብ በአንገቱ የታሰረለት፣ ሆዱን ሲያመው «ዓይን ነው» ተብሎ ጤና አዳም ያሸተተ ትውልድ ነው። ያ ፍርሃት የገባው በጉሮሮና በሆድ በኩል ነው፤ አንቺ የምታስወጪው በጥቁር ሰሌዳ ሆነ።

ያ ልጅነት የእናትሽ ብቻ ነው ብለሽ እንዳታስቢ። ያደግሽው እሳቸው ቤት ነው። ፓትሪሻ ዲቫይን የተባለችው አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣችው ጥናት፣ በጥቁሮች ላይ ከባድ ንቀት ያላቸውም ንቀትን የሚቃወሙም ነጮች ያደጉበትን ክፉ ምስል እኩል እንደሚያውቁት፣ ምስሉም በሁለቱም ውስጥ ሳይጠራ ብቅ እንደሚል አሳይታለች። ልዩነቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ አንዱ ምስሉን ተከትሎ ይሄዳል፣ ሌላው ያስቆመውና ራሱን ይጠይቃል። ስለዚህ በንቀት ያደገ ሰው ተለወጠ ሲባል የድሮው ድምፅ ጠፋለት ማለት አይደለም። በልጅነት እንደተያዘ የአገር ቤት አነጋገር ነው፤ ሰውየው ሲደነግጥና ሲደክመው ተመልሶ ይመጣል። በአንቺ ውስጥም ቢኖር ክፉ አያሰኝሽም። የለም ብለሽ ከዘጋሽበት ግን እንዳለ ይቀመጣል።

ከደብዳቤሽ ሁሉ ያስደነገጠኝ የእናትሽ ንግግር አይደለም፤ የአንቺው ነው። «በመልክም በጠባይም ከእነሱ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።» ይህን በፍቅር እንደጻፍሽው አውቃለሁ። ግን መለስ ብለሽ አንብቢው። ጎርደን ኦልፖርት የተባለው የዘርፉ አባት እ.ኤ.አ. በ1954 እንደጻፈው፣ ንቀት ራሱን ከሚጠብቅባቸው መንገዶች አንዱ ይኸው ነው፤ አጥሩን ለአንድ ጥሩ ሰው ትከፍቺለታለሽ፣ እሱን ካስገባሽ በኋላ መልሰሽ ትዘጊዋለሽ። «እሱ እንደ እነሱ አይደለም» ስትዪ እነሱን በነበሩበት ትተሻቸዋል። አባቱን ነጋዴ ማድረግሽም፣ የሠርጉን ጥሪ ማሳጠራችሁም ከዚሁ ይቀዳሉ። እናትሽ «ይህን ሰው ከእነ ወገኑ አልቀበልም» አሉ። አንቺ «ያለ ወገኑ እቀበለዋለሁ» አልሽ። የእናትሽን የሚያህል ጭካኔ የለውም፤ ለእጮኛሽ ግን የቱ እንደሚያቆስለው እርግጠኛ አይደለሁም።

እናትሽም ይህን ያሸቱት ይመስለኛል። ልጅ የእናቱን ቃል ቢንቅም ዓይኗን አያመልጥም፤ የተማረችው ልጃቸው ከአፏ የምታወጣውን እጇ እንደማይከተለው አይተዋል። «አንቺስ?» ማለታቸው በክርክር ለመርታት ብቻ ላይሆን ይችላል። «በእርግጥ የማያስፈራ ከሆነ አንቺ ለምን ፈራሽ?» የሚልም አለበት። ወደ ለውጥ የምትወስድ መንገድ ካለች በዚህች ጥያቄ በኩል ናት፤ ሰምተሽ መመለስ ሲገባሽ ተቆጣሽ።

አንድ ታሪክ ልንገርሽ። ዴሪክ ብላክ አሜሪካ ውስጥ የነጭ የበላይነት አራማጆች ዋና ድረ ገጽን በመሠረተ አባት ቤት ያደጉ፣ በልጅነታቸውም ለዚያ አቋም የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ፍሎሪዳ ውስጥ ኮሌጅ ሲገቡ ማንነታቸው ታወቀና ብዙው ተማሪ ሸሻቸው። አንድ አይሁዳዊ ተማሪ ግን ዓርብ ማታ ለሰንበት ራት ጠራቸው። በማዕዱ ላይ መጀመሪያ አካባቢ ስለ ዘር ክርክር አልተነሣም፤ ይበላል፣ ይወራል። ክርክሩ ዘግይቶ መጣ፤ ከቅርብ ጓደኛቸው ጋር፣ መረጃ በመረጃ፣ ለብቻ። እ.ኤ.አ. በ2013 ያደጉበትን አስተሳሰብ በግልጽ ደብዳቤ ካዱ። የእናትሽና የእሳቸው ነገር አንድ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉን ግን ተመልከቺ። መረጃው የተሰማው ማዕዱ ፍርሃቱን ካላላው በኋላ ነው። አንቺ ከመጨረሻው ጀመርሽ።

ታዲያ መቀራረብ ይህን ያህል የሚሠራ ከሆነ እናትሽ ዕድሜ ልካቸውን ገበያ ከሸክላ ሠሪዎች ጋር ሲገናኙ ለምን አልተለወጡም? ምጣዱን ከእነሱ ገዝተው፣ በጎመን ዘር አሟሽተው፣ በላዩ እንጀራ ሲጋግሩ ኖረዋል። ኦልፖርት ለዚህም መልስ አለው፤ ሁለቱ በእኩልነት ካልተገናኙ መቀራረብ ብቻውን ብዙ አይለውጥም። ከእነሱ የተሠራ ዕቃ ወደ እናትሽ ቤት ሲገባ ኖሯል፤ እንግድነት ግን ከየትኛውም ወገን አልሄደም። ቀድመሽ ልትሄጂ የምትችይው አንቺ ነሽ።

ምን ላድርግ ትዪኝ ይሆናል። ከሁሉ በፊት ከእጮኛሽ ጋር ተነጋገሪ፤ አባቱ ነጋዴ ሲባሉ ምን እንደሚሰማው ጠይቂውና ሳታቋርጪ ስሚው። ምናልባት ሐሳቡን ያመጣው እሱ ራሱ ሊሆን ይችላል፤ ሲናቅ ያደገ ሰው ራሱን መደበቅ ይለምዳል። የአባቱን ሙያ መቼና ለማን እንደሚናገር የሚወስነውም እሱ ነው። ከፈቀደ እናቱ ቤት ሂጂ፤ ብዪ፣ ጠጪ፣ ደግመሽም ሂጂ። ለእናትሽ ማስረጃ ለማምጣት ብለሽ ከሆነ ግን ይቅርብሽ፤ ሴትየዋ የሙከራ ዕቃ አይደሉም። መጀመሪያ ላይ እህሉ ጉሮሮሽ ላይ ቢቆም አትደንግጪ፤ እያደር የሚላላ ይመስለኛል።

ለእናትሽ ስለ በሽታና ስለ ዘር ውርስ ማስተማሩን ለጊዜው ተዪው። ያልመለስሽላቸውን መልሺላቸው፤ እውነቱ «አልበላሁም፣ እኔም ፈርቼ ነበር» የሚል ከሆነ እንደዚያው ንገሪያቸው። ከዚያም ማን እንዳስፈራቸው፣ መቼ እንደጀመራቸው ጠይቂና አድምጪ። ሽማግሌውን አታጣድፉት፤ ተጣድፎ ሄዶ የተመለሰ ሽማግሌ ነገር ያከርራል። እናትሽ ላይለወጡ ይችላሉ፤ ቢለወጡም በዚህ ዓመት ላይሆን ይችላል። ሁለታችሁ ግን ከመጋባታችሁ በፊት አንድ የሥነ ልቦና አማካሪ ፊት ለፊት ብታገኙ እመርጣለሁ፤ በመካከላችሁ ያልተነገረው ነገር በደብዳቤ የሚያልቅ አይመስለኝም።

ያለ ፈቃዳቸው ስለማግባት፣ ሕጉ የሚጠይቀው የሁለታችሁን ፈቃድ እንጂ የእናትሽን አይደለም፤ ኀዘኑን መሸከም መቻልሽን የምታውቂው አንቺ ነሽ። እናትሽ መጡም ቀሩም፣ ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት አንድ ነገር ከእጮኛሽ ጋር ወስኑ፤ የእሱ እናት በሠርጉ ቀን ዳሱ ውስጥ የት እንደሚቀመጡና ለዘመዶችሽ ማን ተብለው እንደሚተዋወቁ።