የወንድሜ ዳፍንት በጉበት አልለቀቀም

ጥያቄ፦ የምጽፍላችሁ ከደብረ ሲና አካባቢ ነው። የ19 ዓመት ወንድሜ ከመሸ አያይም። ከብት አስገብቶ ሲመለስ አጥሩን እየዳበሰ ነው ቤት የሚደርሰው። አሁን አሁን ቀንም ከጎኑ ያለ ዱካ ያደናቅፈዋል፣ ፊት ለፊቱን ግን አጥርቶ ያያል፣ ያነባልም። እናቴ ዳፍንት ነው ብላ ጉበት ስታበላው ከረመች፣ ለውጥ የለም። የእናቴ ወንድምም በጎልማሳነቱ ነው የታወረው። ሰዉ የእናትሽ ዘር እርግማን አለበት ይላል። እኛ ደግሞ ሰባት ቤት ቆጥረን ነው የምንጋባው። ታዲያ ይሄ ከየት መጣ? እኔስ ብወልድ?

መልስ፦ እህቴ፣ እርግማን የሚባለውን ከጆሮሽ አውጪው። እናትሽም ጉበት ማብላታቸው ትክክል ነው፤ በቫይታሚን ኤ እጥረት የሚመጣ ዳፍንት አለ፣ እሱ ቫይታሚኑ ሲተካ ይለቃል። የወንድምሽ ግን ሌላ ይመስላል። ማታ አለማየቱ፣ ጎን ጎኑ መጥፋቱ፣ በዚያ ላይ የአጎትሽ ነገር፣ ሬቲናይትስ ፒግመንቶሳ የሚባለውን የዘር በሽታ ያስጠረጥራል። በዓለም ላይ በግምት ከ4,000 ሰው አንዱን ይይዛል።

ሬቲና ከዓይን በስተኋላ ያለች፣ ብርሃን የምትቀበል ስስ ሽፋን ናት። በዚህ በሽታ ቀድመው የሚሞቱት በድንግዝግዝ የምናይባቸው ሴሎች ናቸው። ከዚያ ዳር ዳሩ እየጠበበ ይሄድና በቱቦ ውስጥ እንደማየት ይሆናል፤ መሃሉ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚነካው።

ሰባት ቤት መቁጠር ከሁለቱም ወላጅ ሲገናኝ ብቻ የሚወጣውን ዓይነት ይቀንሳል። በእናት በኩል ብቻ የሚመጣውን ግን አያስቀረውም። በእናንተ ቤት በሴት ተሻግሮ ወንዶቹን ስለያዘ፣ ችግሩ ኤክስ በሚባለው ክሮሞዞም፣ ማለትም ዘረመሎችን ከሚሸከሙት የሴል ክፍሎች በአንዱ ላይ ሊሆን ይችላል። ሴት ሁለት ኤክስ አላት፣ አንዱ ቢበላሽ ሌላው አብዛኛውን ይሸፍንላታል፤ ወንድ ያለው አንድ ነው። እንደዚህ ከሆነ አንቺም ተሸካሚ፣ ማለትም ራስሽ ብዙም ሳትታመሚ ለልጅ የምታስተላልፊ፣ የመሆን ዕድልሽ ግማሽ በግማሽ ነው፣ ተሸካሚ ከሆንሽ ደግሞ ለእያንዳንዱ ወንድ ልጅሽ 50 በመቶ የመያዝ ዕድል አለ። ወንድምሽ ለወንድ ልጆቹ አያወርስም፤ ሴቶቹ ግን ሁሉም ተሸካሚ ይሆናሉ። እናትሽ ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን እንዳይወቅሱ አደራ፣ ማንም መርጦ አያወርስም።

ይሄ ሁሉ ግን በምርመራ መረጋገጥ አለበት። ደብረ ብርሃን ጀምሩና ሪፈር ካስፈለገ አዲስ አበባ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ክፍል አለ። ሐኪሙ ጠብታ ጨምሮ ብሌኑን ካሰፋ በኋላ ነው ሬቲናውን የሚያየው፤ ጠብታው ለሰዓታት ስለሚያደበዝዝ ብቻውን አትላኩት።

መድኃኒቱን በተመለከተ ላታልልሽ አልፈልግም፣ ለአብዛኛው ዓይነት እስካሁን ፈውስ የለም። በ2017 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው የዘረመል ሕክምናም አርፒኢ65 ለሚባል ለአንድ ዘረመል ብቻ ነው። የቫይታሚን ኤ ክኒንም ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይወስድ፣ ሲበዛ ጉበት ይጎዳል። ነገር ግን በዚህ በሽታ ላይ የዓይን ሞራ ቶሎ ይደረባል፣ ሞራው ደግሞ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ስለዚህ አጎትሽም ፈቃደኛ ከሆኑ አብረው ይታዩ።